ለጊቤ ቁልቁለት የትኛው የፍሬን ዲስክ ይሻላል?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህ ከገባኝ ነገሩ ወዲህ ነው። ቪትዝህ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ ጊቤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዝ መሪው ይንቀጠቀጣል። መካኒክህ የፊት ዲስክ ቀይር አለህ። አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ ሻጮችን ስትጠይቅ ደግሞ ሦስት ዓይነት አወጡልህ፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው «የስፖርት» ዲስክ፣ ልሙጥ አዲስ፣ እና ያገለገለ የጃፓን። የቱን ልግዛ ነው ያልከው።

ልሙጡን። ግን ከባዱን ልሙጥ። እኔ ሦስቱንም በገዛ ገንዘቤ ስለተማርኳቸው ትንሽ ላስረዝምብህ ነው፣ ታገሰኝ።

መጀመሪያ ግን ጥፋቱ የዲስኩ መሆኑን አረጋግጥ። መሪው የሚንቀጠቀጠው ፍሬን ስትነካ ብቻ ከሆነ የፊት ዲስክ ነው ብለህ ጠርጥር። ሳትነካም በ90 እና በ100 ላይ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የጎማ ባላንስ ነው፤ ዲስክ ብትቀይር ገንዘብህን በላህ። ደግሞ ሁላችንም «ዲስኩ ተጣመመ» እንላለን እንጂ ዲስክ እንደ ቆርቆሮ አይጣመምም። ብዙውን ጊዜ የሚሆነው ውፍረቱ ከቦታ ቦታ በጥቂት መቶኛ ሚሊ ሜትር መለያየቱ ነው። ወይ እኩል ስላልተበላ ነው፣ ወይ የጋለ ሸራ (ዲስኩን ጨብጦ የሚያቆመው) አንድ ቦታ ላይ ስለተለጠፈበት።

የኔ የመጀመሪያ ስህተት ባለ ቀዳዳው ነበር። ኮሮላዬ ላይ አሳሰርኩት። በቸርኬው መሃል ሲታይ እውነት ለመናገር ያምራል፤ ጅማ አጂፕ ጋ አቁሜ ቡና ስጠጣ ዓይኔ ከሱ አይነሳም ነበር። ከዚያ ክረምት ገባ። አጋሮና ሊሙ በተመላለስኩ ቁጥር ቀዳዳዎቹ በቀይ ጭቃ ይደፈናሉ። ሸራው ከወትሮው ቶሎ አለቀ። በኋላ ጎማው ተፈቶ ሳየው፣ ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ጀምሯል። ያን ቀን ነው የነቃሁት።

ቀዳዳው መጀመሪያ የተበጀው የድሮ ሸራዎች ሲግሉ የሚያወጡት ጋዝ እንዲያመልጥ ነው። የዛሬ ሸራ ያን ያህል ጋዝ አያወጣም። ከፋብሪካቸው ባለ ቀዳዳ ዲስክ ይዘው የሚወጡ ፈጣን መኪኖች አሉ፤ እነሱ ግን ዲስካቸው ትልቅ ነው፣ ታስቦበትም ነው የተሠራው። በቪትዝ ልክ የተሠራ ልሙጥ ዲስክ ስትበሳ የምታገኘው ጌጥ ነው፤ የምታጣው ብረት ነው።

ብረቱ ደግሞ ዋናው ነገር ነው። ጊቤ ከወልቂጤም ብትመጣ ከሰኮሩም ብትመጣ ወደ ድልድዩ ቁልቁለት ነው። እስቲ እናስላው። 1,200 ኪሎ የሚመዝን መኪና 500 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ፣ ጉልበቱ በሙሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ፣ 17 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። አንድ ጀሪካን ሊሞላ ጥቂት የቀረው! ከዚህ ውስጥ ሞተሩና ነፋሱ የሚወስዱት አለ። የቀረውን የሚውጠው ዲስኩ ነው። ብረቱ ከቀነሰ ቶሎ ይግላል፣ ነገሩ ይኸው ነው።

ስለዚህ ልሙጥ ስትገዛም ዓይንህን ክፈት። አንድ ጊዜ ርካሽ ገዝቼ ወደ ጅማ አመጣሁና ያወጣሁትን ያረጀ ዲስክ እና አዲሱን በቡና ሚዛን ላይ አስቀመጥኳቸው። አዲሱ ከተበላው አሮጌ ቀለለ! መሃሉን ስናየው በሁለቱ ፊቶች መካከል ያሉት የአየር ማሳለፊያ ክንፎች ሳስተዋል፣ ቁጥራቸውም አንሷል። በነጋታው መለስኩት። አሮጌው ዲስክህ መሃሉ አየር የሚያሳልፍ ከሆነ አዲሱም እንደዚያው መሆን አለበት። ዲያሜትሩን፣ ከፍታውን እና የብሎን ቀዳዳዎቹን ከአሮጌው ጋር አመሳክር። «ቪትዝ ነው» ብቻ ብለህ አትግዛ፤ አንድ ስም ይዞ ዲስኩ የሚለያይ ብዙ ነው። የሻንሲ ቁጥርህን ይዘህ ሂድ።

ጠርዙና መሃሉ ዝገት የሚከላከል ቀለም የተቀባ ካገኘህ፣ ትንሽ ጨምረህ ግዛው። በጅማ ዝናብ ያዋጣል። ሸራው የሚነካው ፊት ግን ቀለም ኖረም አልኖረ በአንድ ሌሊት ይዝጋል። ጠዋት ሁለት ሦስት ጊዜ ፍሬን ስትይዝ ይጠረጋል፣ አትደንግጥ።

ያገለገለውን በተመለከተ፣ ሳይለካ አይገዛም። ዲስኩ ላይ የሚፈቀደው የመጨረሻ ዝቅተኛ ውፍረቱ በሚሊ ሜትር ተቀርጿል። ከአዲሱ ውፍረት የሚያንሰው ብዙውን ጊዜ በ2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ ያገለገለ ስትገዛ የምትገዛው የቀረችውን ነው። ስትለካ ጠርዙ ላይ ያልተበላ ከንፈር ስላለ መለኪያው ይዋሻል። ዘዴው ሁለት የአንድ ብር ሳንቲም በሁለቱ ፊት አስደግፎ መለካት፣ ከዚያ የሳንቲሞቹን ውፍረት መቀነስ ነው። አሮጌውን ቶርኖ ቤት ወስዶ ፊቱን ማስላግም ያው ነው፤ ተልጎ ከተቀረጸው ቁጥር በታች ከወረደ ይጣላል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ጋ ደረስን። ልሙጡን ደህና ዲስክ ከገዛሁ በኋላ በሦስት ወር መንቀጥቀጡ ተመለሰብኝ። ሻጩን ሰደብኩት፣ ይቅር ይበለኝ። ጥፋቱ ግን የአሳሳሩ ነበር። ዲስኩ የሚቀመጥበት ብረት ዝጎ ነበር፣ ማንም አላጸዳውም። እዚያ የቀረች ቅንጣት ዝገት ዲስኩን ታዘነብለዋለች፤ የሚፈቀደው መዛባት ደግሞ 0.05 ሚሊ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ጎሚስታው የጎማውን ዳዶዎች በአየር ማሽን እስኪጮሁ አጥብቋቸዋል። የኔ ኮሮላ ዳዶ የሚፈልገው የማጥበቂያ ኃይል 103 ኒውተን ሜትር ነው። የሚለካ ቁልፍ ያለው ጋራዥ ፈልግ፤ ከጠፋም በእጅ ቁልፍ፣ በመስቀለኛ፣ በየተራ ይጥበቅ።

ግራና ቀኙን አንድ ላይ ቀይር። ሸራውም አዲስ ይሁን። ዲስኩ ላይ የተቀባውን የማከማቻ ዘይት በፍሬን ማጽጃ አጥበህ አውጣ። የፍሬን ዘይቱ ሁለት ዓመት ካለፈው ቀይረው፤ እርጥበት ስለሚጠጣ ቁልቁለት ላይ ሊፈላና ፔዳሉ ሊላላ ይችላል። ለስፖርት ዲስክ ልታወጣ ያሰብከውን ትርፍ ገንዘብ እዚህ ላይ አውለው።

ካሳሰርክ በኋላ አዲሱ ሸራና ዲስክ እንዲላመዱ በማለዳ፣ መንገዱ ጭር ሲል፣ ወደ ሰርቦ ውጣ። ከ60 ወደ 15 በመጠኑ ፍሬን እየያዝክ አሥር ጊዜ ያህል ቀንስ፣ በየመሃሉ ትንሽ እያሮጥክ። ሙሉ በሙሉ አትቁም። ከዚያ አሥር ደቂቃ ያህል ፍሬን ሳታበዛ ንዳው፣ ይቀዝቅዝ።

ጊቤ ላይ ደግሞ ገና ከላይ ማርሽ ቀንሰህ ግባ። ታች ደርሰህ ስትቆም፣ በጋለ ዲስክ ላይ ፍሬኑን ረግጠህ አትቆይ። ሸራው እዚያው ያትምበታል፣ መንቀጥቀጡም ከዚያ ይጀምራል። የእጅ ፍሬን ይዘህ እግርህን አንሳ። ጅማ ስትመለስ ዳዶዎቹን አንዴ ፈትሻቸው፤ ራስህ፣ በእጅህ።