ሌፍት ጆይን ጽፋችሁ ደንበኛ ሲጠፋባችሁ፤ ኩዌሪ ለምትጽፉ ወጣቶች

ልጆቼ፣ ሌፍት ጆይን (LEFT JOIN) ሁለት ሠንጠረዦችን ሲያገናኝ የግራውን ረድፍ ሁሉ፣ በቀኝ ተዛማጅ ባይኖረውም፣ ይዞ ያወጣል። ግን ሌፍት ጆይን ብሎ የጻፈ ሁሉ ሌፍት ጆይን አገኘ ማለት አይደለም። ኩዌሪው፣ ማለትም ለዳታቤዙ የጻፋችሁት ጥያቄ፣ ያለ ምንም ኤረር ይሠራል፣ ሪፖርቱም ይታተማል፤ የጎደለው ሰው ግን አይታይም።

የውሃ ደንበኞችን እንውሰድ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አምስት ቤቶች አሉ እንበል። ሦስቱ የጥርን ከፍለዋል፣ አራተኛው የታኅሣሥን ብቻ፣ አምስተኛው ገና መግባቱ ስለሆነ ምንም አልከፈለም። አምስቱም እንዲወጡ ትፈልጋላችሁ። ደንበኛን በግራ፣ ክፍያን በቀኝ አድርጋችሁ «ክፍያ.ወር = 'ጥር'» የሚለውን ረድፎችን በሚያጣራው ዌር (WHERE) ውስጥ ስታስገቡት የሚወጣው ሦስት ነው። ዌር የሚያጣራው ጆይኑ ካለቀ በኋላ ነዋ! የአምስተኛው ቤት የክፍያ ዓምዶች ነል (NULL፣ ዋጋ የሌለው ባዶ) ሆነው ይመጣሉ፤ ነል ከ'ጥር' ጋር ሲነጻጸር ውጤቱ እውነትም ሐሰትም ሳይሆን «ያልታወቀ» ነው፤ ዌር ደግሞ እውነት የሆነውን ብቻ ያሳልፋል። ፖስትግሬስ በተባለው ዳታቤዝ ላይ የኩዌሪውን አሠራር በሚያሳየው በኤክስፕሌን (EXPLAIN) ብታዩት፣ አሠራሩን የሚወስነው ፕላነር ራሱ ሌፍት ጆይኑን ወደ ኢነር ጆይን፣ ማለትም በሁለቱም በኩል ተዛማጅ ያላቸውን ብቻ ወደሚያወጣው፣ ለውጦት ታገኙታላችሁ።

ብዙዎች እዚህ ላይ «ኦር ክፍያ.ወር ኢዝ ነል» (ወይም ወሩ ነል ከሆነ) ይጨምራሉ። ይህን መላ አልወደውም። አሁን አራት ይወጣል፤ የሚጠፋው የታኅሣሡ ከፋይ ነው። ክፍያ ስላለው ጆይኑ ላይ ተዛማጅ አግኝቷል፣ ስለዚህ ነል አልሆነም፤ ወሩም ጥር አይደለም። የቀኙ ሠንጠረዥ ማጣሪያ ቦታው ኦን (ON)፣ ማለትም ሠንጠረዦቹ የሚዛመዱበት ሁኔታ የሚጻፍበት፣ ነው፦

ፍሮም ደንበኛ ሌፍት ጆይን ክፍያ
ኦን ክፍያ.ደንበኛ_ቁጥር = ደንበኛ.ቁጥር
ኤንድ ክፍያ.ወር = 'ጥር'

አምስቱም ይወጣሉ፣ ሁለቱ የክፍያ ቦታቸው ባዶ ሆኖ።

የግራው ሠንጠረዥ ማጣሪያ ግን ተቃራኒ ነው። «ደንበኛ.ሰፈር = 'ቱሉ ዲምቱ'» ኦን ውስጥ ቢገባ የኮዬ ፈጬ ደንበኞች አይወገዱም፤ የከፈሉትም ጭምር እንዳልከፈለ ሰው ባዶ ክፍያ ይዘው ይመጣሉ። እሱን ዌር ውስጥ አድርጉት።

ያልከፈሉትን ብቻ ስትፈልጉ ወሩን ኦን ላይ ትታችሁ ዌር ላይ «ክፍያ.መለያ ኢዝ ነል» በሉ። የምትፈትሹት ዓምድ ፈጽሞ ነል የማይሆን፣ ለምሳሌ ፕራይመሪ ኪ (የረድፉ ልዩ መለያ)፣ ይሁን፤ «አስተያየት» በሚባል ዓምድ ብትፈትሹ ከፋዩም ባለዕዳ ይሆናል። ስትቆጥሩም እንዲሁ፦ ረድፎችን የሚቆጥረው ካውንት ኮከብ (COUNT(*)) ላልከፈለው ቤት 1 ይላል፣ ካውንት ክፍያ.መለያ ግን 0።

ሪፖርቱን ከማስረከባችሁ በፊት የደንበኛን ሠንጠረዥ ብቻውን፣ በዚያው የሰፈር ማጣሪያ ቁጠሩ። የሙሉ ዝርዝሩ የተለያዩ የደንበኛ ቁጥሮች ብዛት ከዚህ ካነሰ፣ የቀኝ ዓምድ ዌር ውስጥ ገብቷል፤ አለዚያም ቀጥሎ የተጻፈ ኢነር ጆይን በክፍያ ዓምድ ተያይዞ ረድፎቹን በልቷቸዋል።