ሰውን ለማዳን የተነገረ ውሸት ኃጢአት ነውን?

ጥያቄ፦ ጌታ ይባርክዎት መምህር። በአጥቢያችን ቅዳሜ ቅዳሜ ከወጣት እህቶች ጋር መጽሐፍ እናነባለን። አሁን የያዝነው ሆላንዳዊቷ ኮሪ ቴን ቡም በናዚ ወረራ ዘመን አይሁዶችን በቤቷ ስለ መሸሸጓና ስለ እስራቷ የተረከችውን የሕይወት ታሪክ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ «እንግዲህ ለበጎ ከሆነ መዋሸት ይቻላል ማለት ነው» አለች። ሌሎቹም ተቀበሏት። እኔ መልስ አጥቼ ዝም አልሁ። እነዚህ አማኞች ወታደር ሲጠይቃቸው መዋሸታቸው ኃጢአት ነው? ካልሆነስ ልጆቹን ምን ልበላቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ ዝም ማለትሽ ደግ አደረግሽ። በችኮላ «አዎ፣ ይቻላል» ብትዪ ኖሮ ልጆቹ ቃሉን ይዘው ሰኞ ወደ ፈተና ክፍልና ወደ መሥሪያ ቤታቸው ይሄዱ ነበር። «በፍጹም አይቻልም» ብትዪ ደግሞ ከግድግዳ ጀርባ ትንፋሻቸውን ውጠው የቆሙትን ሰዎች አሳልፈሽ በሰጠሽ ነበር።

እስቲ መጀመሪያ ወደዚያ ቤት እንግባ። ሐርለም በምትባል ከተማ ከታች የሰዓት ሱቅ፣ ከላይ ጠባብ መኖሪያ። አባትየው ካስፐር ሰዓት ሠሪ ናቸው፤ ኮሪም ሙያቸውን ይዛ በ1922 በሆላንድ ፈቃድ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሰዓት ሠሪ ሆናለች (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጀርመን በግንቦት 1940 አገሪቱን ከወረረች በኋላ አይሁዶች ይታደኑ ጀመር። በሆላንድ ከነበሩት 140 ሺህ ገደማ አይሁዶች ከ100 ሺህ በላይ የሚሆኑት አልቀዋል። የካስፐር ቤት ለሚያንኳኳ ሁሉ ተከፈተ። በኮሪ መኝታ ክፍል የጡብ ግድግዳ ተሠርቶ ከጀርባው ስፋቱ 75 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ክፍተት ተበጀ። የሚገባው በመደርደሪያው ግርጌ ባለች መዝጊያ፣ በእንብርክክ ነው።

ኮሪ ግን ውሸት የማይሆንላት ሴት ነበረች። ጓደኞቿ ሌሊት እየቀሰቀሱ ያለማምዷት ነበር። በእንቅልፍ ልቧ ሳለች ይወዘውዟትና «ዘጠኙን አይሁዶች የት ደበቅሻቸው?» ይሏታል። እርሷም «አሁን ያሉት እኮ ስድስት ብቻ ናቸው» ብላ ታርፋለች! ልጆቹ እዚህ ላይ ሳይስቁ አይቀሩም፤ ይሳቁ። አንቺ ግን አስተውዪ። ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት ለመዋሸት የሌሊት ልምምድ አስፈልጓታል። እኛስ? በር ሲንኳኳ «የለም በለው» ብለን ሕፃን ልጃችንን ስንልክ ማን አለማምዶን ነው?

ወደ ቃሉ እንምጣ። «ውሸትን አስወግዳችሁ እያንዳንዳችሁ ከባልንጀሮቻችሁ ጋር እውነትን ተነጋገሩ» የሚለው የኤፌሶን መልእክት ጸንቶ ይኖራል፤ ማንም አይሽረውም። ከዚሁ ጋር የዕብራውያን አዋላጆች ሕፃናቱን እንዲገድሉ ፈርዖን ሲያዛቸው እግዚአብሔርን ፈርተው አዳኗቸው። ሲጠይቃቸውም «የዕብራውያን ሴቶች ሳንደርስ ይወልዳሉ» አሉት። እግዚአብሔርም መልካም አደረገላቸው (ዘጸአት 1)። ረዓብ ሰላዮቹን በሰገነቷ ሸሽጋ «ሄደዋል» አለች፤ ስሟም በዕብራውያን 11 ከእምነት ሰዎች ጋር ተቆጠረ። አውግስጢኖስን የመሰሉ ታላላቅ አባቶች ሰውን ለማዳን እንኳ መዋሸት አይገባም ብለው አስተምረዋል፤ የተመሰገነው የረዓብ ምሕረት እንጂ ውሸቷ አይደለም ይላሉ። አከብራቸዋለሁ። እኔ ግን ነፍሰ ገዳይ ያልተፈቀደለትን ነፍስ ሲጠይቅ የሚከለክለው ሰው ባልንጀራውን ጠበቀ እንጂ በባልንጀራው ላይ በሐሰት መሰከረ አልልም። ሕጉም የኰበለለውን ባሪያ ለጌታው አሳልፈህ አትስጥ ይላል (ዘዳግም 23፥15)።

ታዲያ የልጅቱ «ለበጎ ከሆነ» የቱ ጋ ይሰበራል? ካስፐር ጋ ይሰበራል። የካቲት 28 ቀን 1944 አንድ ሆላንዳዊ ጠቁሞባቸው ቤቱ ተወረረ፤ ሠላሳ ያህል ሰው ተያዘ። ካስፐር ያን ጊዜ 84 ዓመታቸው ነው። የጌስታፖው (የናዚ ምስጢራዊ ፖሊስ) አለቃ ሽበታቸውን አይቶ አዘነላቸው መሰለኝ፣ ዳግመኛ ችግር እንደማይፈጥሩ ቃል ከሰጡ ሄደው በአልጋቸው መሞት እንደሚችሉ ነገራቸው። አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የቀረቻቸው። «እሺ» ቢሉ ማን ይፈርድባቸዋል? ሽማግሌው ግን ዛሬ ወደ ቤቴ ብመለስ ነገ በሬን ለሚያንኳኳ ችግረኛ ሁሉ ደግሜ እከፍታለሁ ብለው መለሱ። ወደ እስር ቤት ተወሰዱ፤ በተያዙ በዐሥረኛው ቀን ገደማ ዐረፉ።

ይህን መልስ ባነበብኩት ቁጥር ልቤ ይነካል። በጓዳቸው ሰው የለም እያለ የኖረ ቤት አባወራ፣ ጥያቄው በራሳቸው ነፍስ ላይ ሲመጣ አንዲት የሐሰት ቃል አላወጡም። ለሌላው ሕይወት ሲሉ እውነትን ሸሸጉ፤ ለገዛ ሕይወታቸው ሲሉ ግን አልሸሸጉም። ጴጥሮስ በሊቀ ካህናቱ ግቢ «አላውቀውም» ሲል ያዳነው ራሱን ብቻ ነበር፤ ወጥቶም መራራ ልቅሶ አለቀሰ። ሐናንያና ሰጲራ ያስቀሩት ገንዘባቸውን፣ የፈለጉት ስማቸውን ነበር። የእኛ «ለበጎ ነው» የምንላቸው ውሸቶች እኅቴ፣ አብዛኞቹ ከሐናንያ ወገን ናቸው። የሐሰት ማስረጃ አሠርቶ ሥራ የሚገባ ሰው ከግድግዳው ጀርባ የሸሸገው ማንን ነው? ዋጋውንስ የሚከፍለው ማን ነው? እርሱ ወይስ በእርሱ ፈንታ ሳይቀጠር የቀረው?

ልጆቹ የኮሪን እህት ኖሊን ማንሳታቸው አይቀርም። ወታደሮች በቤቷ የነበረችውን ወጣት አይተው አይሁዳዊት ናት ወይ ቢሏት «አዎ» አለች፤ ሁለቱም ተያዙ። ኮሪ በእህቷ ክፉኛ ተቆጥታለች፤ ይህንንም በመጽሐፉ አልደበቀችም። ወጣቷ የታሰረችበት በአምስተርዳም ያለ ቲያትር ቤት ከስድስት ቀን በኋላ ተሰብሮ እርሷም አመለጠች። እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን ከዚያው ቲያትር ቤት ብዙ ሺህ አይሁዶች ወደ ሞት ካምፖች ተወስደዋልና መልካሙን ፍጻሜ ሕግ አናድርገው። በኖሊ ኅሊና ላይ አልፈርድም፤ እርሷም ታስራለች። ልጆቹን ግን በሌላ ሰው ነፍስ እውነተኛ እንዲባሉ አላስተምራቸውም።

ደግሞም የኖሊ ታሪክ እዚያ አላለቀም። ኮሪ በስኬቬኒንገን እስር ቤት ብቻዋን ታስራ ሳለ ከዚችው እህቷ ደብዳቤ ደረሳት። የአድራሻው ጽሑፍ ወደ ቴምብሩ ማዘንበሉን አየችና ቴምብሩን በውኃ አርሳ ላጠችው። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል በቁም ሣጥንሽ ያሉት ሰዓቶች ሁሉ ደኅና ናቸው የሚል ተጽፏል። ሰዓቶቹ ቤቱ ሲወረር ሳይገኙ ከግድግዳው ጀርባ የቀሩት ስድስት ሰዎች ነበሩ፤ ሁለት ቀን ያህል ቆይተው በሕይወት ወጥተዋል። «አዎ» ያለችው ኖሊ ናት ይህን በቴምብር ሥር የጻፈችው።

የመጪው ቅዳሜ ንባባችሁ ወደ ራቨንስብሩክ ካምፕ፣ ሌላዋ የኮሪ እህት ቤትሲ በታኅሣሥ 1944 ወዳረፈችበት ምዕራፍ ከማለፉ በፊት ወደ ኋላ ተመለሱ። የሌሊቱን ልምምድና የሽማግሌውን መልስ ጎን ለጎን አንብቡ። ከዚያ ያቺን ልጅ ሁለቱ የሚለያዩት በምን እንደሆነ ጠይቂያት። አትቸኩዪባት፤ ራሷ ትመልስ።