የሰው ዜማና የራስ ዜማ፦ ለወጣት የሳክስፎን ተጫዋቾች

ውድ ልጆቼ፣

የመጀመሪያ አልበማችሁን ለማሳተም ስታስቡ ወደ እኔ እየመጣችሁ የምትጠይቁኝ ነገር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ሰው የሚያውቀውን ዘፈን ልጫወት ወይስ የራሴን ድርሰት?» ትሉኛላችሁ። የታወቀውን ብትጫወቱ ፈጠራ የላቸውም እንዳትባሉ ትፈራላችሁ፤ የራሳችሁን ብቻ ብታቀርቡ ደግሞ አድማጭ እንዳታጡ ትሰጋላችሁ። እኔም በእናንተ ዕድሜ በዚሁ ሐሳብ ስዋልል ኖሬአለሁ። ከአርባ ዓመት በላይ ይህን መሣሪያ ከነፋሁ በኋላ ግን የሰው ዜማና የራስ ዜማ እናንተ እንደምታስቡት የተራራቁ አለመሆናቸውን ተረድቻለሁ፤ ይህንንም ለወጣቶች ዘወትር በማሰማው በአንድ አልበም ላስረዳችሁ እሞክራለሁ።

አልበሙ «ሳክስፎን ኮሎሰስ» ይባላል። አሜሪካዊው የጃዝ ቴነር ሳክስፎን ተጫዋች ሶኒ ሮሊንስ እ.ኤ.አ. ጁን 22 ቀን 1956፣ በኒው ጀርሲ ሃከንሳክ፣ የድምፅ ባለሙያው ሩዲ ቫን ጌልደር በወላጆቹ ቤት ሳሎን ውስጥ ባደራጀው ስቱዲዮ በአንድ ቀን የቀዳው ሥራ ነው። ሮሊንስ ያን ጊዜ ገና 25 ዓመቱ ነበር። በፒያኖ ቶሚ ፍላናጋን፣ በቤዝ ዳግ ዋትኪንስ፣ በድራም ማክስ ሮች አጅበውታል። በአልበሙ ከተካተቱት አምስት ሥራዎች ሁለቱ ከፊልምና ከቲያትር የመጡ የታወቁ ዘፈኖች ሲሆኑ ሦስቱ በሮሊንስ ስም የተመዘገቡ ናቸው።

የመጀመሪያው «ሴንት ቶማስ» ነው። ድርሰቱ የሮሊንስ ተብሎ ይመዝገብ እንጂ ዜማው እናቱ በልጅነቱ ታዜምለት የነበረ፣ ወላጆቹ ከፈለሱባቸው ከካሪቢያን ቨርጂን ደሴቶች የመጣ የሕዝብ ዜማ ነው፤ ፒያኒስቱ ራንዲ ዌስተንም እ.ኤ.አ. በ1955 በሌላ ስም ቀድቶት ነበር። እንግዲህ ይህን ሥራ ከየትኛው ወገን ትመድቡታላችሁ? የእናቱ ነው፣ የደሴቶቹ ሕዝብ ነው፤ ዛሬ ግን በዓለም ላይ ያለ የጃዝ ተጫዋች ሁሉ የሮሊንስ አድርጎ ያውቀዋል። እናቱ በእንጉርጉሮ የተከለችበትን ዜማ ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላው በራሱ ድምፅ መልሶ አወጣው።

እስቲ ማዳመጫችሁን ጆሯችሁ ላይ አድርጋችሁ ከመጀመሪያው ስሙት። ማክስ ሮች ካሊፕሶ የሚባለውን የካሪቢያን ምት በድራም ብቻውን ይጀምራል። ከዚያ ሮሊንስ ዜማውን ምንም ሳያወሳስብ፣ ሕፃን ልጅ እንኳ አብሮት ሊያንጎራጉረው በሚችል መልኩ ያቀርበዋል። ሶሎውን ሲጀምር በእጁ የሚይዘው ሁለት ድምፅ ብቻ ነው። እነዚያኑ ሁለት ድምፆች ይደግማቸዋል፤ በምቱ ላይ ቦታቸውን ያዛውራል፤ ዝም ይልና እንደገና ይመለስባቸዋል፤ አድማጩ ሐሳቡን በደንብ ከያዘለት በኋላ ነው ቀስ በቀስ እያሰፋና እያረዘመ የሚሄደው። ከሮች የድራም ሶሎ በኋላ ምቱ ስዊንግ ወደሚባለው የጃዝ ምት ይለወጣል፤ መጨረሻ ላይ ግን ያ የልጅነት ዜማ ልክ እንደ መጀመሪያው ይመለሳል። እኔ ይህን ሥራ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት መቁጠር አልችልም፤ ሁለቱ ድምፆች ላይ በደረሰ ቁጥር ግን ዛሬም እጄን ከሥራ አቋርጣለሁ። ብዙዎቻችሁ ጣታችሁ ከእኔ የፈጠነ ነው፤ ሁለት ድምፅ ይዞ መቆየት የሚችል ግን ከእናንተ መካከል ገና አላገኘሁም።

ሁለተኛው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1941 ለአንድ አስቂኝ ፊልም የተደረሰ የፍቅር ዘፈን ነው። ሮሊንስ ዜማውን በሙሉ ድምፁ፣ ሳይቸኩል፣ ቃል እንደሚናገር ሰው ያወርደዋል። ሌላው ታላቅ የቴነር ሳክስፎን ተጫዋች ሌስተር ያንግ አንድ ሙዚቀኛ የሚጫወተውን ዘፈን ግጥም ማወቅ አለበት ብሎ አጥብቆ ያምን ነበር። እኔ ይህን የተማርሁት ከመጻሕፍት አይደለም። በሃያዎቹ ዕድሜዬ በአንድ የሆቴል ባንድ ውስጥ ስሠራ አንድ ምሽት ትዝታ ተጫውቼ ከመድረክ ስወርድ፣ በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡት ጥሩምባ ነፊ እጄን ያዙና «ልጄ፣ እስቲ ግጥሙን በቃልህ በልልኝ» አሉኝ። ከሁለት ስንኝ በላይ አላውቅም ነበር። «ለዚህ ነው ቃሉን መሐል ላይ እየቆረጥህ የምትተነፍሰው» አሉኝና ሄዱ። በማግስቱ ግጥሙን በወረቀት ጽፌ አጠናሁት።

የእሳቸው ነገር ትክክል እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። የአማርኛ ዘፈን በአብዛኛው በግጥሙ ልክ የሚተነፍስ ነው። በወል ቤት የተገጠመ ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች ይከፈላል፤ ዘፋኙም ድምፁን የሚያሳርፈው ሐረጉ ሲሞላ ነው። ሳክስፎን ነፊው ይህን ሳያውቅ በአራተኛው ቀለም ላይ ትንፋሹ ቢያልቅበት፣ ግጥሙን በልቡ ይዞ የሚሰማው አድማጭ ምክንያቱን ባያውቀውም እንኳ አንድ ነገር እንደጎደለ ይሰማዋል። በእኛ አገር ያለ ድምፃዊ የተሠራውን ሙዚቃ ሁሉ «ክላሲካል» ማለት የተለመደ በመሆኑ፣ ቃሉ ከወጣ ግጥሙም አብሮ የወጣ ይመስለናል። ግጥሙ ግን ከአድማጩ ጋር ነው ያለው።

ለዚህ ከጌታቸው መኩሪያ የተሻለ ምስክር ላቀርብላችሁ አልችልም። እ.ኤ.አ. በ2016 ያረፈው ይህ ታላቅ ሰው ሽለላንና ፉከራን ከአርበኛው ጉሮሮ ወደ ቴነር ሳክስፎን ያሻገረ ነው። የፎካሪውን መንደርደሪያ፣ ጩኸቱን፣ ድምፁ ሲሻክር ያለውን ግርማ፣ በሁለት ስንኝ መካከል የሚወስደውን ረዥም ትንፋሽ ሳይቀር በሪድና በማውዝፒስ ነው የሚያሰማችሁ። ሽለላን እሱ አልፈጠረውም፤ ሆኖም ሁለት ኖታ እንደነፋ ጌታቸው መሆኑን የማይለይ የለም። በሴንት ቶማስ ደሴት ዜማና በእኛ ሽለላ መካከል ያለው የውቅያኖስ ርቀት ሁለቱ ሰዎች የሠሩትን ሥራ አንድነት አያደበዝዘውም።

በአልበሙ ውስጥ «ሞሪታት» የሚለው እ.ኤ.አ. በ1928 በርሊን ለመድረክ ከቀረበ ሙዚቃዊ ድራማ የተወሰደ ሲሆን ደራሲው ኩርት ቫይል ነው፤ «ስትሮድ ሮድ» ደግሞ የሮሊንስ የራሱ ፈጣን ሥራ ነው። ሁለቱንም ራሳችሁ ስሟቸው። የመጨረሻው «ብሉ ሰቨን» በዋትኪንስ ቤዝ ብቻውን የሚጀምር ብሉዝ ነው። ሃያሲው ጉንተር ሹለር እ.ኤ.አ. በ1958 ስለዚህ ሥራ በጻፈው ሰፊ ትንተና፣ ሮሊንስ ሶሎውን ከመነሻው ጭብጥ እያፈለቀ እንዴት እንደሚያያይዘው በዝርዝር አሳይቷል። ይህ ግን በ«ሴንት ቶማስ» ሁለት ድምፆች ያያችሁት ነገር ነው፤ የእናቱን ዜማ የያዘበት አያያዝ በራሱ ድርሰትም አልተለየውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳላሳስባችሁ አላልፍም። የሰውን ዜማ ቀድታችሁ ስታሳትሙ የደራሲውንና የገጣሚውን ስም ጻፉ፤ ፈቃድም ጠይቁ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይህን መብት በሕግ ያስከብራል፤ ዘፈኑን የደረሰው ሰው በሕይወት ካለ ግን ሕጉ ባያስገድዳችሁም ቤቱ ሄዳችሁ ብትጠይቁት እወዳለሁ። እኔ ወጣት ሳለሁ የመጀመሪያ ካሴቴን ያለ ደራሲዎቹ ስም አሳትሜአለሁ፤ ከእነሱ አንዱን በኋላ መንገድ ላይ ሳገኘው ዓይኑን ማየት ከብዶኛል።

ሮሊንስ ይህን ሁሉ ከሠራና ስሙ ከገነነ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ከመድረክ ራሱን አገለለ። በሚኖርበት የማንሃተን አፓርታማ ጎረቤቱ ነፍሰ ጡር ነበረችና በልምምዱ እንዳይረብሻት ሳክስፎኑን ይዞ ወደ ዊልያምስበርግ ድልድይ ወጣ፤ በክረምትም በበጋም፣ ባቡርና መኪና በሚያልፍበት፣ ከታች የወንዙ መርከቦች በሚጮኹበት ቦታ ሁለት ዓመት ያህል ብቻውን ተለማመደ። ክፍል ተከራይታችሁ በጎረቤት ምክንያት መለማመድ ላቃታችሁ ልጆች ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ አጫውቻችኋለሁ፤ የታሪኩን መጨረሻ ግን ለማንኛችሁም የነገርሁ አይመስለኝም። ያን ያህል ጊዜ ከራሱ ጋር የኖረ ሰው ሲመለስ የራሱን ድርሰት ብቻ ይዞ ይመጣል ብሎ የጠበቀ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1962 «ዘ ብሪጅ» ብሎ ባወጣው አልበም ውስጥ ግን ከስድስቱ ሥራዎች የእሱ ድርሰቶች ሁለቱ ብቻ ናቸው። አልበሙን የሚከፍተውም ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው የድሮ ዘፈን ነው፤ ርእሱም «ያለ ዘፈን» የሚል ነው።