ግንባሩ ከፍ የተደረገ ሃይሉክስ እና የሚፋተግ ጎማ

ጥያቄ፦ ሃይሉክስ ሬቮ አለኝ። ፊቱ ከኋላው ዝቅ ብሎ ስለሚታይ እንዲስተካከል 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ አስደረግሁት። ቀጥሎም ዘመዴ ከዱባይ 17 በ9 ኢንች የሆነ፣ ኦፍሴቱ ከዜሮ በታች 12 የሆነ ቸርኬ ከ285/70 አር 17 ጎማ ጋር አመጣልኝ። አሁን በኋላ ማርሽ መሪውን እስከ መጨረሻ ሳዞር ጎማው ይፋተጋል። በ90 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መሪው ይንቀጠቀጣል። ጋራዡ «ወይ ስፔሰር እናስገባበት፣ ወይ ግንባሩን ሌላ 3 ሴንቲ ሜትር እናንሣው» ይለኛል። በመኪናው ከአዳማ ወደ አሰላ የግንባታ ዕቃ አመላልስበታለሁ። የቸርኬውንና የዳዶዎቹን ፎቶ አያይዣለሁ።

መልስ፦ ሁለቱንም እንቢ ይበሉ። ስፔሰሩ (ከቸርኬው ጀርባ የሚገባ፣ ጎማውን ወደ ውጭ የሚገፋ ብረት) ፍትጊያውን ያባብሰዋል፤ ተጨማሪው ከፍታም አይፈታውም። ከሁሉም በፊት ግን ፎቶው ላይ ያየሁት ዳዶ ከፍትጊያው ይልቅ አሳስቦኛልና መጀመሪያ እሱን ላንሣ።

በፎቶው እንደሚታየው ዳዶዎቹ ከመኪናው ጋር የመጡት ናቸው፤ ከሥራቸው ጠፍጣፋ ሮንዴላ አላቸው። ቶዮታ ለራሱ አሎይ ቸርኬ የሚሠራቸው ናቸው፤ ሮንዴላው የሚያርፈውም በዚያ ቸርኬ ደልዳላ ፊት ላይ ነው። ከገበያ የሚገዛው ቸርኬ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀዳዳው እንደ ማንቆርቆሪያ ወደ ውስጥ እየጠበበ የሚሄድ ነው፤ የእርስዎም እንደዚያው ነው። ለእሱ የሚሆነው ጫፉ ሾጣጣ የሆነ ዳዶ ነው። ጠፍጣፋው በሾጣጣ ቀዳዳ ላይ ሲታሰር የሚነካው ጠርዙን ብቻ ስለሆነ ቸርኬውን መሐል ላይ አይዘውም፤ በጉዞ ላይም እየላላ ይሄዳል። በጭነት ላይ ቢላላ ደግሞ ቡሎኑን ይቆርጠዋል። ስለዚህ ሾጣጣ ዳዶ እስኪያገኙ ድረስ የቀድሞውን ጎማና ቸርኬ መልሰው ያስገጥሙ። ሲገዙ ጥርሱ 12 በ1.5 መሆኑን ያረጋግጡ፤ በእጅ ሲያስገቡትም ሳይታገል ቢያንስ 8 ሙሉ ዙር መግባት አለበት። ከዚያ ያነሰ ከሆነ ጥርሱ በቂ ብረት አልያዘም ማለት ነው።

መንቀጥቀጡም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። የሃይሉክስ ሞዞ (የቸርኬው የመሐል ቀዳዳ የሚገባበት ክብ ብረት) 106.1 ሚሊ ሜትር ነው። ከገበያ የሚገዛ ቸርኬ ብዙ ዓይነት መኪና ላይ እንዲገባ ተብሎ የመሐል ቀዳዳው ሰፋ ብሎ ይሠራል። ቀዳዳው ከሞዞው ሲሰፋ ቸርኬውን መሐል ላይ የሚያቆመው የዳዶው ሾጣጣ ጫፍ ብቻ ነው፤ እርስዎ ዘንድ ደግሞ እሱም የለም። በካሊፐር ለክተው ልዩነት ካገኙ ክፍተቱን የሚሞላ የመሐል ቀለበት በልኩ ያስገቡ። ባላንስ የሚያስደርጉት ከዚያ በኋላ ነው፤ ቸርኬው መሐሉን ስቶ እየታሰረ ባላንስ ቢደጋገም ገንዘብ ማባከን ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎ መሪው አሁንም ከተንቀጠቀጠ የፊት ጎማዎቹን ወደ ኋላ፣ የኋላዎቹን ወደ ፊት ያዛውሯቸው። መንቀጥቀጡ ከመሪው ወደ መቀመጫዎ ከተዛወረ ጥፋቱ ከጎማዎቹ ወይም ከቸርኬዎቹ ነው። መሪው ላይ ከቀረ ቴስቲናና ኩሽኔታ ያስፈትሹ።

አሁን ወደ ፍትጊያው። ግንባሩን ከፍ ያደረጉት ከአሞርዛቶሩ በላይ ወፍራም ብረት በማስገባት ከሆነ (አብዛኛው የሚሠራው እንዲህ ነው) መኪናው ቆሞ ሳለ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል 5 ሴንቲ ሜትር ተጨማሪ ክፍተት ይታያል። ጭነው ጉድጓድ ውስጥ ሲገቡ ግን ጎማው ወደ ላይ የሚወጣው መግቻው ላስቲክ እስኪያስቆመው ድረስ ነው፤ ያ ላስቲክ ደግሞ ፋብሪካው ካስቀመጠው ቦታ ንቅንቅ አላለም። ጎማው ጫፍ ላይ ሲደርስ ያለው ክፍተት ከማስነሣትዎ በፊት ከነበረው በምንም አይበልጥም። ከፍታው ለፎቶ ያምራል፤ ለጎማ ግን ቦታ አይፈጥርም። ሌላ 3 ሴንቲ ሜትር ቢጨምሩበት ደግሞ የላይኛው ክንድ (ጎማውን ከሻንሲው ጋር ከሚያያይዙት ክንዶች አንዱ) ጎማው ሲንጠለጠል ከሞላው ጋር መነካካት ይጀምራል፤ የፊት አክስሉ ማጠፊያም ከሚችለው በላይ ስለሚታጠፍ የሸፈነው ላስቲክ ቶሎ ይቀደዳል።

የእርስዎ ችግር ወደ ጎን እንጂ ወደ ላይ አይደለም። ኦፍሴት የሚባለው የቸርኬው መታሰሪያ ፊት ከቸርኬው ወርድ መሐል ምን ያህል እንደራቀ የሚነግር ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቸርኬው ወደ ውጭ ይወጣል። የሬቮ 17 ኢንች ቸርኬ 7.5 ኢንች ወርድና 30 ሚሊ ሜትር ኦፍሴት አለው። የውጭ ጠርዙ ከሞዞው ወደ ውጭ የሚወጣው 65 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የእርስዎ 9 ኢንች ቸርኬ ግን 126 ሚሊ ሜትር ይወጣል። በእያንዳንዱ ጎን ከ6 ሴንቲ ሜትር በላይ ወደ ውጭ ተገፍቷል ማለት ነው። ሻጩ «ስድስት ቀዳዳ፣ 139.7 (ቀዳዳዎቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋት በሚሊ ሜትር)፣ ቀጥታ ይገባል» ብሎ ሊሆን ይችላል። አልዋሸም፤ መግባቱንማ ይገባል።

መሪ ሲዞር ጎማው ወደ ግራና ቀኝ የሚዞረው በራሱ መሐል ሳይሆን ከጀርባው ባለ የመዞሪያ ዘንግ ዙሪያ ነው። ጎማው ከዘንጉ በራቀ ቁጥር የሚጠርገው ክብ ይሰፋል። መሪውን ወደ ግራ ሲያዞሩ የግራው ጎማ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ የቀኙ ወደ ፊት ይገፋል። ስለዚህ አንደኛው ጋቢናው ከሻንሲው ጋር የሚታሰርበትን ማዕዘን ይመታል፣ ሌላው የፓራውልቱን ጫፍ ይነካል። ስፔሰር ይህንን ክብ ያሰፋዋል እንጂ አያጠበውም። ስፔሰር የሚረዳው ጎማው በውስጥ በኩል ክንዱን ሲነካ ነው፤ እርስዎ ዘንድ ግን ውስጡ ከድሮው በ23 ሚሊ ሜትር ሰፍቷል።

የሚነካበትን ቦታ በግምት አይተዉት። የጎማ ማረፊያውን ፕላስቲክ፣ የጋቢናውን ማዕዘንና የፓራውልቱን ጫፍ በነጭ ጠመኔ ይቀቡ። አንዱን የፊት ጎማ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ጠንካራ እንጨት ላይ ያውጡ፤ ሌላ ሰው ጎንበስ ብሎ እያየ መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያዙሩ፣ በዝግታም ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሂዱ። ጠመኔው የተጠረገበት ቦታ መልሱ ነው። ፕላስቲክ ብቻ ከሆነ በሙቅ አየር መግፋት ወይም በቢላ መከርከም ይበቃል። ብረት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

አንዳንድ ባለሙያ የጋቢናውን ማዕዘን ቆርጦ መልሶ ይበይዳል። ለመዝናኛ መኪና ይሁን፤ ለእርስዎ ግን አልመክርም። ቦታው ጋቢናውን የሚሸከም ነው፤ ጭቃ ስለሚገባበት ብየዳው ካልተቀባ በሁለት ክረምት ይዝጋል።

ምክሬ ቸርኬውን እንዲሸጡ ነው። በምትኩ 17 በ8 ኢንች፣ ኦፍሴቱ 20 አካባቢ የሆነ ይፈልጉ። ይህ ከኦሪጅናሉ ወደ ውጭ የሚወጣው 16 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፣ ወደ ውስጥም አይጠጋም። ከጀርባው ላይ የታተመውን የሚሸከመውን ክብደት ያንብቡ፤ ቁጥሩ ከሌለ ምንም ቢያምር አይግዙት። ሲሚንቶ የሚጭን መኪና ቸርኬ በመልኩ አይመረጥም።

ጎማውንስ? ለእርስዎ ሥራ 265/70 አር 17 ይበቃል። ፋብሪካው ከሰጠው 265/65 በቁመት 26 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፤ ከመሬት የሚያነሣዎት የዚያን ግማሽ ነው፣ ሳይፋተግም ይገባል። አሁን ያለዎት 285/70 ግን 54 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 7 በመቶ ይበልጣል። የፍጥነት መለኪያው 100 ሲል ጎማው የሄደው 107 ያህል ነው፤ መለኪያዎች ጥቂት አስበልጠው ስለሚያሳዩ ትክክለኛውን ልዩነት በስልክዎ ጂፒኤስ ያመሳክሩ። ከዚህ የሚከፋው ፍሬኑ ነው። ፔዳሉን በዚያው ጉልበት ሲረግጡ መሬት ላይ የሚደርሰው የማቆም ኃይል ከ6 እስከ 7 በመቶ ያንሳል። ከአሰላ ወደ አዳማ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ይህ የሚሰማ ልዩነት ነው። በሽቅቡ ደግሞ ማርሹ ስለሚረዝም በፊት በአራተኛ የሚወጡትን በሦስተኛ ሊወጡት ይችላሉ።

285ቱን ካልሸጥሁ ካሉ በአዲሱ ቸርኬ ላይ ያስገጥሙትና የጎማ አላይመንት ሲያስደርጉ ባለሙያው የታችኛውን ክንድ ማስተካከያ ቡሎኖች ተጠቅሞ ጎማውን ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ፊት እንዲያመጣው ይጠይቁ። ከጋቢናው ያርቀዋል፣ መሪውም ቀጥ ብሎ መሄድ ይቀናዋል። ቀሪውን ፕላስቲክ መከርከም ይጨርሰዋል። ግንባሩ ከፍ ከተደረገ በኋላ አላይመንት አስደርገው ከሆነ አልነገሩኝም። ካላስደረጉ የትኛውንም ጎማ ቢመርጡ ማስደረግ ግድ ነው፤ አለዚያ አዲሱ ጎማ በአንድ ጠርዙ ይበላል።

ስለ ከፍታው ራሱ አንድ ነገር ልጨምር። ፋብሪካው ኋላውን ከፍ ያደረገው ባሌስትራው ጭነት ሲያርፍበት መኪናው ደልዳላ እንዲሆን ነው። እርስዎ ባዶውን አስተካክለውታል፤ ሲጭኑ አፍንጫው ወደ ሰማይ ይቀናል፣ መብራትዎም ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ያሳውረዋል። ማታ ሲጭኑ የመብራቱን ከፍታ ማስተካከያ ዝቅ ያድርጉ። እኔ ብሆን ግማሹን ከፍታ አስወርደዋለሁ።

ተጠባባቂውን ጎማ አይርሱ። ከጭነቱ ሥር የተንጠለጠለው አሁንም ትንሹ ከሆነ በእሱ እየሄዱ አራቱንም ጎማ የሚያሠራውን ማርሽ በደረቅ መንገድ አያስገቡ፤ የጎማዎቹ መጠን ልዩነት ማስተላለፊያውን ያስጨንቀዋል። ቢቻል አምስተኛውንም በአንድ ልክ ይግዙ። ከተጠባባቂው ጋር የሚሄዱ ዳዶዎችም መኪናው ውስጥ ይኑሩ፤ ለአዲሱ የገዙት ለአሮጌው ቸርኬ ላይሆን ይችላል።

ሲገጠም ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ሳለ ዳዶዎቹን በተቃራኒ አቅጣጫ እያቀያየሩ ያስጠጉ። ክሪኩ ከወረደ በኋላ በመለኪያ መፍቻ ይጨርሱ፤ መጠኑን ከመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ያንብቡ። ጎሚስታው በአየር መፍቻ ሊጨርሰው ካለ ያስቁሙት። ጥርሱን ቅባት አይቀቡ። 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄዱ በኋላ ሁሉንም ደግመው ያጥብቁ።