መልስ፦ ዚጊ ስታርደስት ለምን አያረጅም?

«ይህ የእንግሊዛዊው ዘፋኝ የዴቪድ ቦዊ አልበም ከሃምሳ ዓመት በኋላም የሚደመጠው በቦዊ ቀይ ፀጉርና አልባሳት ምክንያት ብቻ አይደለም ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። አልባሳቱ ድርሻ አላቸው፤ ጆሮን ይዞ የሚያስቀረው ግን ሌላ ነው።

ዴቪድ ቦዊ እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጣው ይህ ሥራ በጩኸት አይጀምርም። ከሩቅ ቀስ እያለ የሚቀርብ ከበሮ ብቻ ነው የሚሰማው። ከዚያ ምድር የቀራት አምስት ዓመት እንደሆነ ዜና አንባቢው እያለቀሰ ይናገራል። መጨረሻው ዘፈን ደግሞ በአንድ ጊታርና በደከመ ድምፅ ተነስቶ እያደገ ይሄድና፣ ብቻህን አይደለህም እያለ በሚጮህ ሰው ይዘጋል። እኔን ሁልጊዜ የሚያሸንፈኝ እዚያ ላይ ነው። በመሃል የሚክ ሮንሰን ጊታር አለ፤ እርሱ ባይኖር ኖሮ አልበሙ ግማሽ ይሆን ነበር ባይ ነኝ።

ታሪኩ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ውሉ የላላ ነው። ቦዊ የሚጫወተው ገጸ ባሕርይ ዚጊ ከየት መጣ፣ ምን ሆነ፣ በቅጡ አይነገርም። ክፍተቱን አድማጩ ራሱ ይሞላዋል፤ ስለዚህም አይሰለችም። ቦዊ ራሱ ገጸ ባሕርዩን ገና በዝናው ጫፍ ላይ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1973 ለንደን መድረክ ላይ አሰናበተው።

ዘፈኖቹን እየመረጥክ አትስማ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ምሽት ስጠው፤ አርባ ደቂቃ እንኳ አይሞላም።