አብሽ ከጀመርኩ የስኳር ኪኒኔን ልተወው?

ጥያቄ፦ የ52 ዓመት ሴት ነኝ። ስኳር ከያዘኝ 4 ዓመት ሆነኝ፤ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላሚድ እወስዳለሁ። ጓደኛዬ «አብሽና ጥቁር አዝሙድ ስኳር ያወርዳሉ፣ ኦክሲዴቲቭ ስትረስንም ያጠፋሉ» ብላኝ መጠጣት ጀምሬያለሁ። ኪኒኑን ብተወውስ?

መልስ፦ ኧረ እንዳይተዉት!

ጓደኛዎ ጨርሶ ተሳስተዋል ማለቴ ግን አይደለም። አብሽ ሲዘፈዘፍ የሚወጣው ዝልግልግ ነገር ስኳር ከአንጀት ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ይቀንሳል። ጥቁር አዝሙድም በትንንሽ ጥናቶች መጠነኛ ለውጥ አሳይቷል። ደግሞ እኮ የሚውጡት ሜትፎርሚን ራሱ ዘሩ ከዕፅዋት ነው፦ መነሻው ጋሌጋ በምትባል ተክል ውስጥ የተገኘ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ እሱ መርዛማነቱ ስላስቸገረ ለሰው የሚስማማው ዘመዱ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1957 ለስኳር ሕክምና ዋለ። ልዩነቱ፣ ኪኒኑ ውስጥ ስንት ሚሊግራም እንዳለ እናውቃለን። የአብሹን ማንኪያ ማን መዘነው?

ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ያሉት ደግሞ እንዲህ ነው። የደም ስኳር ከፍ ብሎ ሲቆይ ሴሎች ውስጥ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ተናካሽ ሞለኪውሎች ይበዛሉ፣ የሰውነት መከላከያ አይበቃቸውም፣ በጊዜ ብዛትም የዓይን፣ የኩላሊትና የነርቭ ጉዳት ላይ እጃቸውን ያስገባሉ። ዕፅዋቱ ላብራቶሪ ውስጥ ያረግቧቸዋል፣ እውነት ነው፤ ሰው ግን ብልቃጥ አይደለም። ቫይታሚን ኢ እንኳ በትልቅ ጥናት ተሞክሮ የስኳር ሕመምተኞችን ከልብ ሕመም አላዳነም። እሳቱ ስኳሩ ነው፤ እሱ እየነደደ ጭሱን ብናራግብ ምን ዋጋ አለው?

እኔን ያስደነገጠኝ ግን ግሊቤንክላሚዱ ነው። ቢበሉም ባይበሉም ቆሽትን እየገፋ ኢንሱሊን ያስወጣል፤ አብሽ ሲደረብበት ስኳርዎ ከልክ በላይ ሊወርድ ይችላል። ላብ ላብ ካለዎት፣ እጅዎ ከተንቀጠቀጠ ወይም ግራ ከተጋቡ ወዲያው ይለኩ። ከ70 (ሚ.ግ/ዴ.ሊ) በታች ከሆነ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይጠጡና ከ15 ደቂቃ በኋላ ይድገሙት፣ ልኬቱን ማለቴ ነው። መለኪያ ከሌለዎት ሳይለኩም ይጠጡ።

ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ ኪኒን) የሚወስዱ ከሆነ አብሹን ዛሬውኑ ያቁሙ፣ ደም ሊያፈስ ይችላል። ካልሆነ ግን ለሚከታተልዎት ሐኪም በቀን ስንት ማንኪያ እንደሚጠጡ ሳይደብቁ ይንገሩ፣ አንቆጣም። ጠዋት በባዶ ሆድ የለኩትን እየጻፉ ይያዙ፣ ከ3 ወር በኋላ ኤዋንሲ (ያለፉትን 2–3 ወራት አማካይ የደም ስኳር የሚያሳይ የደም ምርመራ) ይመርመሩ። ቁጥሩ የምር ከወረደ ግሊቤንክላሚዱን ሐኪሙ ይቀንስልዎታል፤ እኔ ብሆን ደስ እያለኝ ነው የምቀንሰው።