ፊውዥን የማይልስ ዴቪስ ፈጠራ ነው?

አይደለም። «ፊውዥንን የጀመረው ማይልስ ነው ይሉኛል፣ እውነት ነው? ከየትስ ልጀምር?» ብለሃል። ትራምፔት ተጫዋቹ ማይልስ ለፊውዥን (ጃዝን ከሮክና ከፈንክ ለሚያዳቅለው ሙዚቃ) በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው እንጂ የመጀመሪያው ሰው አልነበረም። ጊታሪስቱ ላሪ ኮርየል ፍሪ ስፒሪትስ ከተባለው ባንድ ጋር ጃዝን ከሮክ ሲያዳቅል ገና 1966 ነበር (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። በ1967 ደግሞ ከቫይብራፎን ተጫዋቹ ጋሪ በርተን ጋር ቀጠለበት።

ማይልስ በ1969 «ኢን ኤ ሳይለንት ዌይ» የተባለውን አልበም፣ ከዚያ «ቢችስ ብሩ» የተባለውን ቀዳ። ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ኤሌክትሪክ ጊታር፣ በዚያ ላይ ፕሮዲውሰሩ ቲዮ ማሴሮ ቴፑን እየቆረጠ ይቀጥለው ነበር። ትልቁ ነገር ግን የመጣው አብረውት የተጫወቱት ሲበተኑ ነው። ኪቦርዲስቱ ጆ ዛዊኑልና ሳክስፎኒስቱ ዌይን ሾርተር ዌዘር ሪፖርትን፣ ጊታሪስቱ ጆን ማክላፍሊን ማሃቪሽኑ ኦርኬስትራን፣ ፒያኒስቱ ቺክ ኮሪያ ሪተርን ቱ ፎርኤቨርን የተባሉ ባንዶች አቋቋሙ።

አንድ ነገር ልምከርህ፤ በ«ቢችስ ብሩ» አትጀምር። እኔ በሱ ጀምሬ ፊውዥን የሚባል ነገር አስጠላኝ። የርዕሱ ሙዚቃ ብቻ ወደ 27 ደቂቃ ይሄዳል! በፒያኒስቱ ሄርቢ ሃንኮክ አልበም «ሄድ ሃንተርስ» (1973) ጀምር። ፈንክ (ምቱ ለዳንስ የሚጋብዝ የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ) ስለሆነ የባሱ ምት ራሱ ይጎትትሃል። ወደ ማይልስ ከዚያ በኋላ ትመለሳለህ።